የጂን ዝርዝሩ ደርሷል፤ የሚያነበው ማን ነው?

በከምባታ ዞን፣ ዶዮገና ላይ፣ በግ አርቢዎች በማኅበር ተደራጅተው አውራ በግ ይመርጣሉ። የበጉ ቁመና፣ ጡት ሲጥል የነበረው ክብደት፣ እናቱ መንታ የምትወልድ መሆኗ ይታያል፤ ያለፈው የመንጋው አባት ይሆናል፣ የቀረው ደልቦ ለገበያ ይወጣል። አረካ የግብርና ምርምር ማዕከልና በደረቅ አካባቢ ግብርና ላይ የሚሠራው ዓለም አቀፉ ኢካርዳ ይህን ሥራ ሲደግፉ ቆይተዋል። ይኸው በግ በኮምፒውተርም ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በወጣ ጥናት የዶዮገና በግ ከ11 የኢትዮጵያ የበግ ዓይነቶች አንዱ ሆኖ፣ ሃምሳ ሺህ ገደማ የዘረመል ምልክቶችን በሚያነብ ቺፕ ተመርምሯል። የተጠየቀው አንዱ ጥያቄ አርቢ ሁሉ የሚገባው ነው። የአንዱ ላት ረጅም፣ የሌላው አጭር፣ የሌላው ስብ ደግሞ ዳሌው ላይ የሚከማቸው ለምንድን ነው?

ምላሹ የመጣው በዝርዝር መልክ ነው። ምርጫ አርፎባቸዋል የተባሉ ስምንት የጂኖም ክፍሎች ተለዩ፤ በውስጣቸው ያሉ ጂኖችም ተጻፉ። ኤንፒአር2፣ ሂንት2፣ ስፓግ8 እና አይኤንኤስአር ከእድገትና ከስብ ክምችት ጋር ተያያዙ። ኤኤልኤክስ4፣ ሆክስቢ13 እና ቢኤምፒ4 ከአጥንትና ከጅራት አፈጣጠር ጋር፣ አርኤክስኤፍፒ2 ከቀንድ ጋር፣ ቲአርፒኤም8 ደግሞ ከሰውነት ሙቀት ጋር ተነሱ። ለባለሙያ ይህ አስደሳች ንባብ ነው። አርኤክስኤፍፒ2 በስኮትላንድ ሴንት ኪልዳ ደሴቶች በሚኖሩት የሶይ በጎችም የቀንድን መጠን እንደሚወስን ታውቋል፤ ቲአርፒኤም8 ቅዝቃዜን የሚያስታውቀን የነርቭ በር ነው፤ በዚህ ዘርፍ የሠሩት ዴቪድ ጁሊየስና አርደም ፓታፑቲያን በ2021 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ለዶዮገናው አርቢም ሆነ ለሆሳዕናው የእንስሳት ሀኪም ግን ዝርዝሩ ገና አልተናገረም። በዝርዝሩና በትርጉሙ መካከል ያለው ሥራ ባዮኢንፎርማቲክስ ይባላል፤ የሕይወት ሳይንስን መረጃ በኮምፒውተርና በስታቲስቲክስ ማንበብ ማለት ነው። ይህ ዳሰሳ የሚያየው ያ ሥራ ምን ላይ እንደደረሰ፣ የት እንደሚሳሳትና ለሀዲያና ለከምባታ ከተሞች ምን ድጋፍ እንደሚያሻ ነው።

መሣሪያዎቹ አዲስ አይደሉም። ጂን ኦንቶሎጂ የተባለው የጋራ መዝገበ ቃላት በ1998 በእርሾ፣ በዝንብና በአይጥ ተመራማሪዎች ስምምነት ተጀመረ። እያንዳንዱን ጂን ምን እንደሚሠራ፣ በየትኛው ሂደት እንደሚሳተፍ፣ በሕዋሱ ውስጥ የት እንደሚገኝ በአንድ ወጥ ቋንቋ ይመዘግባል። በጃፓን ኪዮቶ ከ1995 ጀምሮ ኬግ የኬሚካዊ ሂደቶችን ካርታ እየሣለ ነው። ከዚያ በኋላ ዝርዝር የሚቀበሉ መሣሪያዎች መጡ፤ ዴቪድ በ2003፣ ከኢስቶኒያው ታርቱ ዩኒቨርሲቲ ጂፕሮፋይለር በ2007፣ ኢንሪችር በ2013። ሁሉም የሚጠይቁት በመሠረቱ አንድ ነው። በዝርዝርህ ውስጥ የአንድ ሥራ ጂኖች በአጋጣሚ ከሚጠበቀው በላይ በዝተዋል ወይ? ኢንሪችመንት የሚሉት ይህንን ነው።

ከሚጠበቀው በላይ ማለት ከምን በላይ? ትልቁ ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። በሆሳዕና ገበያ ከመቶ ሰው ሰማንያው ሀዲይኛ ቢናገር፣ ይህ ከኢትዮጵያ ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር አስገራሚ ቁጥር ነው፤ ከሆሳዕና ነዋሪ ጋር ሲነጻጸር ግን ምንም አዲስ ነገር የለውም። ጂንም እንዲሁ ነው። አንድ ተማሪ መቶ ጂኖች ይዞ መጣ እንበል። በጂኖሙ ካሉት 20,000 ጂኖች 200ዎቹ የስብ ሥራ ቢኖራቸው፣ ከመቶው አንድ ብቻ ይጠበቃል፤ ስምንት ሲያገኝ ዓለምን ያገኘ ይመስለዋል። ጥናቱ ግን በላት ሕብረ ሕዋስ ውስጥ የሚሠሩ 2,000 ጂኖችን ብቻ ያየ ከሆነና ከእነሱ 160ዎቹ የስብ ጂኖች ከሆኑ፣ ከመቶው የሚጠበቀው ራሱ ስምንት ነው። ግኝት የተባለው የላት ሕብረ ሕዋስ ስብ መሆኑን ብቻ ተናገረ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው፤ ስሕተቱ ግን የእውነት ነው፤ ብዙም ይፈጸማል። በ2022 የታተመ አንድ ግምገማ 186 ጥናቶችን መርምሮ ይህን ዓይነት ፍተሻ ከተጠቀሙት ትንታኔዎች 95 በመቶው ትክክለኛ ማነጻጸሪያ ዝርዝር እንዳልተጠቀሙ ወይም የትኛውን እንደተጠቀሙ እንዳልጻፉ አሳይቷል። ከዚያ በፊት በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በ2015 ከታተሙት ሥራዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ለዓመታት ያልታደሰ መረጃ በያዘ መሣሪያ እንደተሠሩ ገልጿል። እነዚህ ሁሉ ተገምግመው የታተሙ ሥራዎች ናቸው። ስለዚህ ችግሩ የገንዘብ ብቻ ነው የሚለውን አልቀበልም፤ አጠገብ ሆኖ «ማነጻጸሪያህ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መጥፋቱ ነው።

ወደ ዶዮገናው በግ እንመለስና ሌላ ጉዳይ እናንሳ፤ ጥቂት የሚወራለት ነው። ኤንፒአር2፣ ስፓግ8 እና ሂንት2 በክሮሞሶም ላይ ጎን ለጎን የሚገኙ ጎረቤታሞች ናቸው። ምርጫ ያረፈው በአንዱ ላይ ከሆነ ሁለቱ በጉርብትና ብቻ ተጎትተው ወደ ዝርዝሩ ይገባሉ። ዝርዝር ተቀባዩ መሣሪያ ግን ሦስት ነጻ ምስክሮች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። የሆክስ ጂኖችም በተፈጥሯቸው ተሰልፈው በአንድ ስፍራ ይኖራሉ፤ አንዱ የጂኖም ክፍል ሲመረጥ ሰልፉ በሙሉ ይገባና «የአካል አፈጣጠር» የሚለው ርእስ በገጹ አናት ላይ ይወጣል። ረጅም ጂኖችም እንዲሁ፤ ብዙ ምልክት ስለሚያርፍባቸው በአጋጣሚ የመገኘት ዕድላቸው ይሰፋል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። የጂኖችን ሳይሆን የክፍሎችን ቁጥር መያዝ፣ ከዚያም በጂኖሙ ላይ ያንኑ ያህል ርዝመት ያላቸውን ክፍሎች በዕጣ ደጋግሞ እያወጡ ማወዳደር ነው። ይህን በአንድ ላፕቶፕ ላይ መሥራት ይቻላል። ትምህርቱን የሚሰጥ ሰው ግን ያስፈልጋል።

ዝርዝር በደንብ ሲነበብ ምን ሊገለጥ እንደሚችል የሚያሳይ ሁነኛ ምሳሌ አለ፤ የእኛው አገር ሰዎች የተጠኑበት። በባሌ አምባና በሰሜን ተራሮች ጨነቅ በ3,500 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሙሉ ጂኖም ተነቦ ውጤቱ በ2014 ታተመ። በክሮሞሶም 19 ላይ ስምንት ጂኖች የታጨቁበት አንድ ጠባብ ክፍል በሁለቱም ሕዝብ ላይ የምርጫ አሻራ አሳየ። ተመራማሪዎቹ ስምንቱንም ተከምረው የመጡ ማስረጃዎች አድርገው አልጻፉም። በፍራፍሬ ዝንብ ውስጥ አቻዎቻቸውን ፈልገው አንድ በአንድ ፈተሹ፤ ኦክስጅን ሲቀንስ በዝንቦቹ በሕይወት መቆየት ላይ ጉልህ ለውጥ ያመጡት ሦስት ብቻ ሆነው ተገኙ፤ የሰው ስማቸው ሲአይሲ፣ ኤልአይፒኢ እና ፒኤኤፍኤኤች1ቢ3 ነው። ከስምንት ወደ ሦስት መውረዱን እንደ ኪሳራ የሚያይ አለ፤ እኔ የጥናቱ ዋና ክብር ይኸው ይመስለኛል።

የጎረቤታም ጂኖች ነገር በሰው ሕክምናም ይመጣል። ከሀዲያና ከከምባታ በስተደቡብ፣ በወላይታ፣ ፖዶኮኒዮሲስ በሚባለውና በትንኝ በማይተላለፈው የዝሆኔ ዓይነት ላይ የተሠራው ጥናት በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ወጥቷል። ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ 194 ታማሚዎችንና 203 ሕመሙ የሌለባቸውን ሰዎች አነጻጽረው፣ ተጋላጭነቱ ኤችኤልኤ ክፍል ሁለት ከተባለው የበሽታ መከላከያ ጂኖች ሰፈር ጋር እንደሚያያዝ አሳዩ። በእሳተ ገሞራ ቀይ አፈር ላይ ባዶ እግሩን ከሚሄደው ሕዝብ መካከል አንዱ ሲታመም ሌላው ለምን እንደሚተርፍ ከተሰጡት ማብራሪያዎች ጠንካራው ይህ ነው። ይሁንና ይህ የጂን ሰፈር እጅግ የተጨናነቀ ስለሆነ፣ ከዚያ የተወሰደ ማንኛውም ዝርዝር «በሽታ መከላከያ» የሚል መልስ መስጠቱ አይቀርም። ስለዚህ የጥናቱን ጥንካሬ የሚሸከመው የኢንሪችመንት ገጽ አይደለም። በቤተሰቦች ላይ መልሶ መረጋገጡ ነው።

ጂኖችን በቁርጥ መስመር እየለዩ ዝርዝር ማውጣት ራሱ ችግር እንዳለው በ2003 ታይቷል። የስኳር ሕመምተኞችንና የጤነኞችን ጡንቻ ላነጻጸሩ ተመራማሪዎች አንድም ጂን ብቻውን ጉልህ ልዩነት አላሳያቸውም። በዚያን ጊዜው አሠራር ዝርዝሩ ባዶ ነው። ኃይል በማመንጨት ሥራ የሚተባበሩትን ጂኖች በቡድን ሲያዩ ግን በአማካይ ሃያ በመቶ ገደማ ቀንሰው ተገኙ፤ እያንዳንዱ በትንሹ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ። ከዚህ ተነሥቶ በ2005 በሙሉ መልኩ የወጣው ጂኤስኢኤ የተባለው ዘዴ ጂኖችን በቁርጥ መስመር ከመጣል ይልቅ ሁሉንም በደረጃ ይደረድራል። ጥቂት ናሙና ላላቸው የእኛ አገር ጥናቶች የሚስማማው ብዙ ጊዜ ይኸኛው ነው።

ጂኖችና ፕሮቲኖች እንዴት እንደሚገናኙ በክር የሚያሳዩት የመረብ ሥዕሎችስ? ስትሪንግ የተባለው የፕሮቲን መረጃ ቋት ሁለት ፕሮቲኖች ይገናኛሉ የሚለውን ከዜሮ እስከ አንድ በሚደርስ ነጥብ ይሰጣል፤ ሳይቶስኬፕ ደግሞ ከ2003 ጀምሮ ሥዕሉን ያወጣል። ሥዕሉ ያምራል፤ ለማሳመንም ይጠቅማል፤ አደጋውም ያ ነው። በመሐል የሚቀመጠው «ማዕከላዊ ጂን» ብዙ ጊዜ ብዙ የተጻፈለት ጂን ነው፤ የካንሰር ተመራማሪዎች ለአሠርት ዓመታት ያጠኑት ፕሮቲን ሺህ ክር ይኖረዋል፣ ማንም ያላየው አንድ። ነጥቡም ከሙከራ ብቻ ሳይሆን ሁለቱ ስሞች በአንድ ጽሑፍ አብረው ከመነሣታቸውም ይሰላል። መረብ ሲቀርብልን ልንጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ይህ ነው፤ ከሙከራ የመጡት ክሮች ብቻ ቢቀሩ ሥዕሉ ይቆማል?

አሁን ወደ እንሰት። ለዚህ አካባቢ ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ ይኸው ስለሆነ ጊዜ ልሰጠው እፈልጋለሁ። በኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በእንሰት ይኖራል፤ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ ባለው ደጋ ጓሮ ያለ እንሰት አይታሰብም። ቆጮው፣ ቡላው፣ አሚቾው የዕለት እንጀራ ነው። እንሰትን የሚያጠፋው አጠውልግ በሽታ ባክቴሪያው በዳኛቸው ይርጉና በብራድበሪ በ1968 ተገለጸ፤ በ1974 በከፋ ሙዝ ላይ መገኘቱ ታወቀ፤ በ2001 ኡጋንዳ ገብቶ የምሥራቅ አፍሪካን ሙዝ አወደመ። የተበከለ ቢላ ከጓሮ ወደ ጓሮ ያዛምተዋል። የባክቴሪያው ጂኖም ከ2010 ጀምሮ ተነቧል፤ በ2012 በአፍሪካ ሁለት የዘር ሐረግ እንዳለው ታየ፤ በ2020 ደግሞ ስሙ ተቀይሮ በዛንቶሞናስ ቫሲኮላ ሥር ተመደበ። ድሮ የተሠሩ ዝርዝሮች በአሮጌው ስም ስለሚገኙ፣ የስም ለውጡን የማያውቅ ተማሪ ግማሹን መረጃ ሳያገኘው ይቀራል።

የእንሰቱ የራሱ ጂኖም ረቂቅ በ2014 ከእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ወጣ፤ መጠኑ 547 ሚሊዮን ፊደል ያህል ተገምቷል። የተነበበው ተክል ግን ከሀዲያ ጓሮ አልተነቀለም፤ ከእንግሊዝ ዘር ሻጭ የተገኘ ነበር። በ2018 ዘሪሁን የማታውና ባልደረቦቻቸው ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡ 17 እንሰቶችን የጂኖም መረጃ ለሁሉም ክፍት አደረጉ። ይህ ትልቅ ውለታ ነው። በ2021 የታተመ የበሽታ መቋቋም ግምገማ ደግሞ ማዚያ የተባለው ዝርያ አጠውልግን ከሌሎች ይልቅ እንደሚቋቋም አረጋግጧል፤ ገበሬዎቹ ቀድሞውኑ የሚሉትን ነው ያጸናው።

ታዲያ ነገ አንድ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከማዚያና በቀላሉ ከሚጠቃ ሌላ ዝርያ በበሽታው ጊዜ የሚነሡትን ጂኖች ዝርዝር ቢያወጣ ምን ይገጥመዋል? የእንሰት ጂኖች የሥራ መግለጫ በአብዛኛው የተበደረ ነው። በቅደም ተከተል መመሳሰል ከአራቢዶፕሲስ፣ ከሩዝና ከሙዝ የተወሰደ ነው። አራቢዶፕሲስ ከጎመን ወገን የሆነች ትንሽ አረም መሰል ተክል ናት፤ ጂኖሟ በ2000 ስለተነበበና በላቦራቶሪ ስለተመቸች የተክል ዕውቀት ሁሉ በእሷ ቃል ተጽፏል። ሙዝ ይቀርባል፤ ጂኖሙ በ2012 ወጥቶ 36 ሺህ ተኩል ያህል ጂኖች ተመዝግበውለታል፤ የእሱ መግለጫም ግን በብዛት ከዚያችው ከትንሿ ተክል የተቀዳ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ የሚመልሰው አራቢዶፕሲስ የምታውቀውን ብቻ ነው። በአሚቾ ውስጥ ስታርች ለዓመታት እንዴት እንደሚከማች፣ ተክሉ በድርቅ ጊዜ እንዴት እንደሚታገሥ፣ ለዚህ የሚሆን ርእስ በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ የጠበበ ነው። ኢግኖግ ማፐርና ኢንተርፕሮስካን የሚባሉት መሣሪያዎች ላልተጠኑ ዝርያዎች የጂን መግለጫ ይሠራሉ፤ ስትሪንግም ከ2023 ጀምሮ ተጠቃሚው የራሱን ዝርያ ፕሮቲኖች ጭኖ የተገመተ መረብ እንዲያገኝ ፈቅዷል። እነዚህ በር ከፋቾች ናቸው። ይሁንና ከእነሱ የሚወጣው ሁሉ ግምት መሆኑ በጽሑፉ ላይ መታየት አለበት፤ «የተረጋገጠ» እና «በመመሳሰል የተገመተ» በአንድ ቀለም ሲጻፉ አንባቢ ይሳሳታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ከውጭ ሊመጣ አይችልም፤ የናሙናው ማንነት። በእንሰት አገር አንድ ተክል በሀዲያ አንድ ስም፣ በከምባታ ሌላ ስም ሊኖረው ይችላል፤ አንድ ስምም ሁለት የተለያዩ ተክሎችን ሊሸከም ይችላል። ይህን የሚያውቁት ተክሉን የሚተክሉት፣ ከሁሉም በላይ የሚፍቁትና የሚያብላሉት እናቶች ናቸው። ናሙናው በስሕተት ከተሰየመ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስሌት ሁሉ፣ ምንም ያህል የረቀቀ ቢሆን፣ የተሳሳተ ነገርን በትክክል ማስላት ነው። የባዮኢንፎርማቲክስ ድጋፍ ለሆሳዕና ቅርብ መሆን አለበት የምለው ለዚህ ነው። ስሌቱን ታርቱ ወይም ኬፕታውን ያለ ኮምፒውተር ቢሠራው ጉዳት የለውም፤ የስሌቱን ጥያቄና ምልክት የሚያስተካክለው ሰው ግን ጓሮውን ማወቅ አለበት።

ለዚህ ምን ይበቃል? ሆሳዕና ከ2023 ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በከተማዋ አለ፣ በዱራሜም ካምፓስ አለው፣ በንግሥት እሌኒ መሐመድ ስም የተሰየመውን ሆስፒታልም ይዟል። ዝርዝርን ለማንበብ ሱፐር ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ አር የተባለው ነጻ የስታቲስቲክስ ቋንቋና ባዮኮንዳክተር የተባለው የፕሮግራም ስብስብ በደህና ላፕቶፕ ይሠራሉ፤ አንዴ ከወረዱ ኢንተርኔት ቢቋረጥም አይቆሙም። ከባድ የሆነውን የጂኖም ስሌት ጋላክሲ በተባለው ነጻ መድረክ በርቀት ማስኬድ ይቻላል። የትምህርት አሰጣጡም ተሞክሯል። ኬፕታውን ላይ ኒኮላ ሙልደር የመሩት ኤችስሪኤባዮኔት የአፍሪካ መረብ ከ2016 ጀምሮ የመግቢያ ትምህርቱን በየአገሩ ባሉ ክፍሎች ሰጥቷል፤ ንግግሩ ተቀርጾ ይመጣል፣ በየክፍሉ ግን ተማሪውን አጠገቡ ሆኖ የሚረዳ የአገሩ ባለሙያ አለ። ይህ አሠራር ለሆሳዕና ልክ የተሰፋ ይመስለኛል። አንድ ክፍል፣ ጥቂት ኮምፒውተር፣ በሳምንት አንድ ቀን የግብርና፣ የጤናና የስታቲስቲክስ መምህራን ዝርዝር ይዞ የመጣን ሰው የሚቀበሉበት ጠረጴዛ። መጀመሪያ መቀጠር ያለበት ስታቲስቲክስ የሚያውቅ ሰው ነው እላለሁ፤ መሣሪያ መክፈት በሁለት ቀን ይለመዳል፣ ማነጻጸሪያ መምረጥ ግን አይለመድም።

ሕጉም መነሣት አለበት። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 482 የዘረመል ሀብትን ማግኘትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን መብት ይደነግጋል፤ የእንሰት ኮረትም የበግ ደምም ከአገር ሲወጣ ፈቃድ ይጠየቃል። ናሙናው በፈቃድ ከወጣ በኋላ ግን ዝርዝሩ ተመልሶ እንዲመጣ፣ ለአርቢውና ለተካዩ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው የሚያስገድደው ልማድ ገና አልተገነባም። ይህን ልማድ ወረቀት ብቻውን አይገነባውም፤ ተመልሶ ሲመጣ የሚቀበለው ባለሙያ ሲኖር ነው።

በዱራሜና በሆሳዕና ለማስተር ጽሑፋቸው የጂን ዝርዝር ለያዙ ተማሪዎችና ለአማካሪዎቻቸው የምለው አለኝ። ጽሑፉ ከመጽደቁ በፊት አራት ነገር ይጻፍ፤ የትኞቹ ጂኖች ሁሉ እንደተመረመሩ፣ የመረጃ ቋቱ የታደሰበት ቀን፣ ስንት ነጻ የጂኖም ክፍሎች እንዳሉ፣ ናሙናውን ማን በምን ስም እንደሰጠ። ዝርዝሩንም በኤክሴል ከፍታችሁ አታስቀምጡ። በ2016 የተደረገ ፍተሻ በኤክሴል የጂን ዝርዝር አባሪ ካደረጉ ጽሑፎች አንድ አምስተኛ ያህሉ የጂን ስሞች ወደ ቀን መቁጠሪያ ተለውጠውባቸው አገኘ፤ ሴፕት2 የሚባለው ጂን ሴፕቴምበር 2 እየሆነ ስላስቸገረም የሰው ጂኖችን ስም የሚሰይመው ኮሚቴ በ2020 ስሙን ሴፕቲን2 ብሎ እስከ መቀየር ደርሷል። ዝርዝራችሁን በተራ የጽሑፍ ፋይል ያዙ፤ ቅጂውንም ናሙናውን ለሰጣችሁ የገበሬዎች ማኅበር ተዉ።